ጤፍን በሰፈራችን እንዴት እንዘራለን?

መግቢያ

በቂርያት መላኪ፣ በገደራና በያቭኔ ከምንኖር የቤተ እስራኤል ልጆች መካከል እንጀራ ሳይበላ ያደገ የለም። ይሁን እንጂ ጤፍ በማሳ ላይ ቆሞ፣ አረንጓዴ ሆኖ ወይም ዘለላው ጎንበስ ብሎ ያየ ተማሪ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ጤፍን የምናውቀው በከረጢት ውስጥ ዱቄት ሆኖ ነው።

አያቶቻችንን «ጤፍ መቼ ይዘራል?» ብለን ብንጠይቃቸው «በክረምት ነዋ!» ይሉናል። መልሳቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን ቃል እንደሰማን ይዘን በገደራ በታኅሣሥ ወይም በጥር ብንዘራ ጤፉ በብርድ ቢጫ ይሆናል፤ ጨርሶም ላይበቅል ይችላል። ታዲያ አያቶቻችን ተሳስተዋል ማለት ነውን? አይደለም። የተለወጠው «ክረምት» የሚለው ቃል የያዘው ነገር ነው። በጎንደር ክረምት ማለት ዝናብም ሙቀትም በአንድነት ያለበት ወቅት ነው። በእስራኤል ክረምት ማለት ዝናብና ብርድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጤፍ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ፣ በአገር ቤት እንዴት ይዘራ እንደነበረ፣ በእኛ ከተሞች ደግሞ በትንሽ መሬት ላይ እንዴት ሊበቅል እንደሚችል እንመለከታለን። አያቶቻችን ጤፉን ያውቁታል። እኛ የዚህን አገር በጋና የውኃውን ቧንቧ እናውቃለን። ጤፉ የሚበቅለው ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ነው።

1. ጤፍ ምንድን ነው?

ጤፍ ከሣር ወገን የሆነ እህል ነው። የሳይንስ ስሙ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ይባላል። ስንዴና ገብስም ከሣር ወገን ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱ ቀዝቃዛ አየር የሚወዱ ሣሮች ሲሆኑ ጤፍ እንደ በቆሎ፣ እንደ ማሽላና እንደ ሸንኮራ አገዳ ሙቀት ከሚወዱት የሐሩር አገር ሣሮች ይመደባል። እነዚህ ሣሮች ኃይለኛ ፀሐይና ሙቀት ባለበት ጊዜ አየሩን ወደ ምግብ ለመለወጥ የተለየ ችሎታ አላቸው። በዚህ ምክንያት በእስራኤል ስንዴ በክረምት ሲዘራ በቆሎ በሞቃቱ ወራት ይዘራል። ጤፍም መታየት ያለበት እንደ በቆሎ እንጂ እንደ ስንዴ አይደለም።

የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ነው። ርዝመቱ ከ1 እስከ 1.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ1 ግራም ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ፍሬዎች ይገኛሉ። ስሙ «ጠፋ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከእጅ ከወደቀ አይገኝምና። ከትግራይ የመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ «ጣፍ» ይሉታል።

በቀለሙ ነጭ፣ ቀይ እና ሠርገኛ ተብሎ ይለያል። በጣም የነጣው ማኛ ይባላል። ሠርገኛ ማለት ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ነው። ጤፍ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የለውም። ስለዚህ ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም ይፈልጉታል።

የጤፍ አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አበባው በጣም ትንሽ በመሆኑና ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት፣ ተመራማሪዎች ሁለት ዝርያዎችን ለማዳቀል ለረጅም ዘመን ተቸግረው ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈትበትን የማለዳ ሰዓት ለይተው በማግኘታቸው ማዳቀል ተቻለ። በ2006 በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ታዋቂ ዝርያ የተገኘው በማዳቀል ነው። ይህ ለእኛም ጥቅም ያለው ዕውቀት ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ከግቢያችን ያስቀረነው ዘር በሚቀጥለው ዓመት ስንዘራው ያንኑ ዓይነት ጤፍ ይሰጠናል ማለት ነው።

2. ጤፍ በአገር ቤት

በኢትዮጵያ ጤፍ ከማንኛውም እህል ይበልጥ ሰፊ መሬት የሚይዝ ሲሆን ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ ይዘራል። በደንብ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው ወይና ደጋ ነው። የበቀለበትን ቦታ ግን እጅግ አያማርጥም። ውኃ በሚቋጥር ጥቁር መሬት ላይም ይችላል፤ ዝናብ ሲያጥርም ከብዙ እህሎች የተሻለ ይታገሣል።

ለጤፍ መሬቱ በበሬ ተደጋግሞ ይታረሳል። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ጓል ባለበት መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ስለዚህ አፈሩ መለስለስ አለበት። በብዙ ቦታ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ከብት እየተነዳ መሬቱ ይረገጣል። ከዚያም በሐምሌ ዘሩ በእጅ ይበተናል። አረሙ በእጅ ይታረማል፤ ይህ ጎንበስ ተብሎ የሚሠራ፣ ሴቱም ወንዱም ልጁም የሚደክምበት ሥራ ነው። በኅዳር በማጭድ ታጭዶ በነዶ ይታሰራል፣ ይከመራል። በመጨረሻም በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ በከብት ይወቃል፣ በመንሽና በላይዳ ይመረታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ገበሬዎች ርስት እንዲኖራቸው ስላልተፈቀደ የሌላ ሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ያካፍሉ ነበር። የሸክላና የብረት ሥራም አብረው የሚሠሩት ከዚህ የተነሣ ነበር። በኢትዮጵያ የገጠር መሬት ለአራሹ የታወጀው በማርች 1975፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየካቲት 1967 ነው። በመሆኑም ጤፍ ለአያቶቻችን ምግብ ብቻ አልነበረም። የራሳቸው ባልሆነ መሬት ላይ በራሳቸው እጅ ያወጡት ሀብት ነበር። መሬቱን ትተው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሙያውን ነው።

3. ጤፍ ከእኛ ጋር ወደ እስራኤል

በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 1991 ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ እስራኤል ሲመጡ ጤፍ በየሱቁ አይገኝም ነበር። እናቶቻችን በስንዴ ዱቄት እንጀራ መጋገርን ተማሩ። አንዳንዶች ሩዝ ወይም በቆሎ ይቀላቅሉበት ነበር። ቆይቶ ጤፍ ከውጭ እየመጣ መሸጥ ሲጀምር ዋጋው ከስንዴ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ዋጋውና አቅርቦቱ ከዚህ አገር ውጭ በሚሆን ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ መንግሥት በአገር ውስጥ ዋጋው እንዳይወደድ ብሎ በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ነበር። ክልከላው በ2015 ለተወሰኑ የእርሻ ድርጅቶች ላላ። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ በአዲስ አበባ ሲወሰን በቂርያት መላኪ ያለች እናት ምጣድ ላይ ይታያል።

4. ሙቀትና ውኃ ሲለያዩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጤፍ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙቀትና ውኃ። በጎንደር ደጋ በክረምት ዝናቡ ይዘንባል፣ ቀኑም ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ተፈጥሮ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ስለምትሰጥ ገበሬው ጊዜውን መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል።

በእኛ አካባቢ ግን ዝናቡ የሚዘንበው ከኦክቶበር ወይም ኖቬምበር እስከ ማርች ወይም ኤፕሪል ነው። በዓመት 500 ሚሊሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ መጠኑ ለጤፍ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ሌሊቱ ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይወርዳል። ሙቀቱ በሚመጣበት በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ደግሞ አንድ ጠብታ ዝናብ አይወርድም። ስለዚህ እዚህ አገር ሙቀትና ውኃ ተፋትተዋል። ጤፍ ለመዝራት እኛው ልናስታርቃቸው ይገባል።

የሚያስታርቃቸው የጠብታ መስኖ ነው፤ በዕብራይስጥ ቲፍቱፍ የሚባለው። ይህን መሣሪያ በስፋት ያስፋፋው የኔታፊም ኩባንያ የተቋቋመው በ1965 በኔጌቭ በኪቡጽ ሐጼሪም ነው። ዛሬ ቀጭኑ ጥቁር ቧንቧ በየግቢው አለ። አያቶቻችን በአገር ቤት ሰማይን ያዩ ነበር፤ እዚህ የሚታየው የቧንቧው ማዞሪያ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ፤ የቀኑ ርዝመት። ጤፍ ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ማበብ የሚወድ ተክል ነው። በኢትዮጵያ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለያዩም። በእኛ አካባቢ ግን በጁን መጨረሻ ቀኑ 14 ሰዓት ይደርሳል፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ 12 ይወርዳል። ጤፍ በኤፕሪል ቢዘራ ረጅሙን ቀን እያገኘ ቅጠልና አገዳ ያበዛል፣ ዘለላ ለማውጣት ይዘገያል፣ ቁመቱም ስለሚረዝም ይወድቃል።

በመሆኑም ለትንሽ የግቢ እርሻ የሚመቸው ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ መዝራት ነው። ይህ ጊዜ ምንድን ነው? ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው! አያቶቻችን የሚዘሩበት ወር ራሱ ነው። ወሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውኃው የሚመጣበት መንገድ ነው። አጨዳውም በኦክቶበር፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ይደርሳል። በኖቬምበር አካባቢ ስግድ ሲከበር አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ይሆናል።

5. አዘራሩ ደረጃ በደረጃ

ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው ለ10 ካሬ ሜትር መሬት ነው። 2 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ መደብ ማለት ነው።

ሀ. ዘር። ከኢትዮጵያ ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣት አይገባም፤ ዘር ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት የተክል በሽታና አረም ሊያመጣ ስለሚችል በሕግ የተከለከለ ነው። ያልተፈጨ ጤፍ እዚህ ከተገኘ ግን መጀመሪያ ይሞከር። 50 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ወረቀት ላይ አድርጉ፤ ወረቀቱ እንዳይደርቅ በሞቃት ቦታ አስቀምጡት። በ5 ቀን ውስጥ 40 ያህሉ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው።

ለ. መሬት። በያቭኔና በገደራ ብዙ ቦታ ያለው አፈር ቀይና አሸዋማ ነው፤ ሐምራ ይባላል። ውኃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ ትንሽ ትንሽ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ከባድና ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ ደግሞ ውኃው ብዙ ሆኖ በረጅም ጊዜ ልዩነት ይሰጣል። በሁለቱም ዓይነት መሬቱ በደንብ ተቆፍሮ፣ ጓሉ ተሰባብሮ፣ በመጥረጊያ መስተካከል አለበት። በሬ ባይኖርም ሰው በጫማው ቀስ ብሎ ቢረግጠው ያው ነው። የበሰለ ብስባሽ ትንሽ ይበቃል፤ ማዳበሪያ ከበዛ ጤፉ ረዝሞ ይወድቃል።

ሐ. አረምን ቀድሞ ማብቀል። ጤፍ ሣር ስለሆነ ገና ሲበቅል ከአረም ሣር መለየት አስቸጋሪ ነው። በተለይ ሰርዶ፣ በዕብራይስጥ ያብሊት የሚባለው፣ ክፉ ጠላቱ ነው። ስለዚህ ከመዝራት 2 ሳምንት በፊት መሬቱን አጠጡ፤ አረሙ ይብቀል። ከዚያ ነቅላችሁ ጣሉና ዝሩ።

መ. መዝራት። ለ10 ካሬ ሜትር 5 ግራም ዘር ይበቃል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ብቻ ይበልጣል። ዘሩ እኩል እንዲበተን ከሁለት ኩባያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት። በጠብታው ቧንቧ ግራና ቀኝ በመስመር ዝሩ፤ በመስመሮቹ መካከል 20 ሴንቲሜትር ይሁን። ዘሩን አትቅበሩት! ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አፈር አያስፈልገውም። በእጅ መዳፍ ወይም በጣውላ ተጫኑት።

ሠ. የመጀመሪያው 2 ሳምንት። ዘሩ ከአፈሩ ላይ ስለሆነ የጁላይ ፀሐይ በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ጠዋትና ማታ በቀስታ፣ እንደ ካፊያ አድርጋችሁ አርከፍክፉ። ጉንዳንና ቁጫጭ ዘሩን እየለቀሙ ይወስዳሉና መደቡን በየቀኑ ተመልከቱ። ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ይታያል።

ረ. ውኃ። ጤፉ አንድ ጣት ያህል ካደገ በኋላ በጠብታ መስኖ ይጠጣ። በበጋው ሙቀት ለ1 ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በአሸዋማ አፈር በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ በከባድ አፈር በየአራትና በየአምስት ቀኑ ደምሮ መስጠት ይቻላል።

ሰ. ማረም። በ3ኛው ሳምንትና በ5ኛው ሳምንት በእጅ ይታረማል። በመስመር መዝራት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከመስመር ውጭ የበቀለ ሣር ሁሉ አረም ነው።

ሸ. ውኃ ማቆም። ዘለላው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ከአጨዳው ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት በፊት ውኃው ይቁም። እንደ ዝርያው ጤፍ ከተዘራ ከ90 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል።

6. መጋሸብ፦ የጤፍ ትልቁ ችግር

የጤፍ ገበሬ ሁሉ የሚፈራው ነገር መጋሸብ ነው። ጋሸበ ማለት እህሉ ከቆመበት ተኛ፣ ወደቀ ማለት ነው። የወደቀ ጤፍ ፍሬው አይሞላም፣ ይሻግታል፣ ለማጨድም ያስቸግራል።

በዚህ ችግር ላይ ምርምር የተደረገው ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። ከገደራ በስተሰሜን በሬሖቮት ያለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ የጤፍ ዝርያዎችን በእስራኤል የመስኖ እርሻ ላይ ሲያጠና ቆይቷል። ፕሮፌሰር ይሆሹዓ ሳራንጋና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባወጡት ጥናት ዘሩ ሲቀነስ የጤፉ አቋም ተለውጦ መጋሸቡ እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚያው ዓመት ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በመጋሸብ ላይ የሥሩ አበቃቀልና አሠራር ዋናውን ድርሻ እንደሚይዝ አመለከቱ። ተክሎቹ ተጨናንቀው ሲበቅሉ እያንዳንዱ ቀጥኖ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ቦታ ሲያገኝ ግን ከሥሩ ይጠነክራል።

በኢትዮጵያ የተለመደው ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ መዝራት ነበር፤ ከዚያም የሚያበዙ ገበሬዎች አሉ። በ10 ካሬ ሜትር ሲሰላ 6 ወይም 7 የሻይ ማንኪያ ይሆናል። እኛ ከላይ አንድ ማንኪያ ገደማ ያልነው ለዚህ ነው። አያቶቻችን ዘር የሚያበዙት ግን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። በእጅ ሲበተን እኩል አይወድቅም፤ ከፊሉን ጉንዳን ይወስደዋል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ጤፍ አረሙን ያፍነዋል። ብዙ ዘር ለእነርሱ ዋስትና ነበር። እኛ በመስመር ስንዘራና ውኃውን ስንቆጣጠር ያ ዋስትና አያስፈልገንም።

7. አጨዳና ውቂያ

አገዳውና ዘለላው ቢጫ ሲሆን ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ይታጨድ፤ ከደረቀ ፍሬው ይረግፋል። ጥቂት ነዶ አድርጋችሁ በንጹሕ አንሶላ ወይም ሸራ ላይ ለ4 ወይም 5 ቀን በፀሐይ አድርቁት።

አውድማና ከብት ስለሌለን በሸራው ላይ በዱላ እንወቃዋለን ወይም በንጹሕ እግር እንረግጠዋለን። ከዚያ በወንፊት ይነፋል። በመጨረሻም በሰፌድ ይበጠራል። በእኛ አገር ከሰዓት በኋላ ከባሕር በኩል ነፋስ ስለሚነፍስ ለማዝራት ይረዳል፤ ነገር ግን ነፋሱ ሲበረታ ጤፉም ከገለባው ጋር ይሄዳል። ስንት ነፋስ እንደሚበቃ፣ ሰፌዱ እንዴት እንደሚያዝ በመጽሐፍ አይገኝም። ይህን የሚያሳዩን እናቶቻችንና አያቶቻችን ብቻ ናቸው።

ጭዱ አይጣልም። በአገር ቤት ለከብት መኖ ይሆናል፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም ግድግዳ ይለሰንበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ቆመው የቀሩትንና የተሻለ ፍሬ የያዙትን ዘለላዎች ለይታችሁ ለዘር አስቀምጡ። በደንብ አድርቃችሁ በጠርሙስ ክደኑ፤ ላዩ ላይ ዓመቱን፣ ቦታውንና አያቶቻችሁ ጤፉን የሚጠሩበትን ስም ጻፉ። የአይሁድ ሕግ የሚጠብቅ ቤተሰብ በሽሚታ ዓመት ስለማይዘራ ዘሩ ያንን ዓመት እንዲያሳልፍ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የመጨረሻው ሽሚታ በ2021 እና በ2022 ነበር፤ ቀጣዩ በ2028 እና በ2029 ይሆናል።

8. ሒሳቡ

ይህን ሁሉ ደክመን ስንት እናገኛለን? በኢትዮጵያ በአማካይ ከአንድ ሄክታር ወደ 17 ኩንታል ተኩል ያህል ይገኛል ብንል፣ ከአንድ ዱናም 175 ኪሎ፣ ከ10 ካሬ ሜትር ደግሞ 1 ኪሎ ከ750 ግራም ይሆናል። ይህም ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ተቦክቶ የሚጋገር ነው። ለዚህ ወደ 4.5 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠጣል።

አንድ ቤተሰብ በቀን 1 ኪሎ ዱቄት ቢጨርስ ደግሞ ለዓመት ከ2 ዱናም ጥቂት የሚበልጥ መሬትና ከ900 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ያስፈልገዋል። በቂርያት መላኪ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ይህ የለውም። ስለዚህ በግቢ የሚዘራ ጤፍ የሱቁን ጤፍ አይተካም። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል።

ታዲያ ለምን እንዘራለን? በሬሖቮት ያሉ ተመራማሪዎች ዘሩን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ይችላሉ። ሙያውን ግን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ አይቻልም። መሬት ሲነኩት ለጤፍ ለስልሶ እንደሆነ የሚያውቁ፣ ከሩቅ አይተው «ይኸ ሳምንት ይታጨድ» የሚሉ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በጎንደር ያረሱ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። ብዙዎቹ እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ማንም ስለ ሙያቸው ጠይቋቸው አያውቅም። በቢሮ ቅጽ ሲሞሉ «ሙያ የሌለው» ተብለው የተጻፉ አሉ። አሥር ካሬ ሜትር መሬት ግን እነርሱን አስተማሪ፣ እኛን ተማሪ ያደርገናል።

9. ለአያቶቻችን የምናቀርባቸው ጥያቄዎች

ከመዝራታችን በፊት ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። መልሱ በቃላቸው እንዳለ ይጻፍ።

• አባባ፣ እርስዎ በአገር ቤት ስንት ዓይነት ጤፍ ያውቃሉ? ስማቸውስ ማን ማን ይባላል?
• መሬቱ ለጤፍ መድረሱን በምን ያውቁ ነበር?
• መሬቱ የማን ነበር? ከምርቱ ስንት ለባለ መሬቱ ይሰጡ ነበር?
• እማማ፣ ጤፍ ሲያርሙ ጤፉን ከሣሩ በምን ይለዩት ነበር?
• ጤፉ የጋሸበ እንደሆነ ምን ያደርጉ ነበር?
• እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ጤፍ እስኪገኝ ድረስ እንጀራ በምን ይጋግሩ ነበር?

10. የቃላት ፍች

ነዶ፦ ታጭዶ የታሰረ የእህል እስር።
አውድማ፦ እህል የሚወቃበት የተስተካከለ ቦታ።
መንሽ፦ በውቂያ ጊዜ ጭዱን ማንሻ የእንጨት መሣሪያ።
ላይዳ፦ እህሉን ወደ ላይ እየበተኑ ከገለባ መለያ የእንጨት መሣሪያ።
ጋሸበ፦ ቆሞ የነበረ እህል ተኛ። በጋዜጣ የምናነበው «የዋጋ ግሽበት» የሚለው ቃል ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው።
ጤፍ የሚቆላ ምላስ፦ ያለማቋረጥ፣ በፍጥነት የሚናገር ሰው የሚነቀፍበት ወይም የሚደነቅበት አባባል። ትንሹ ጤፍ በጋለ ምጣድ ላይ እንዴት እንደሚንጣጣ ያየ ሰው ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ጤፍ ሙቀትና ውኃ በአንድነት የሚፈልግ የሐሩር አገር ሣር ነው። በአገር ቤት ሁለቱን ክረምት ይሰጥ ነበር። በቂርያት መላኪ፣ በገደራና በያቭኔ ሙቀቱን በጋው ይሰጣል፣ ውኃውን ቧንቧው ይሰጣል፣ ዘሩ በሐምሌ ይዘራል፣ ከዝናቡ በፊት ይታጨዳል። ዘሩን እናሳንስ፣ በመስመር እንዝራ፣ ማዳበሪያ አናብዛ። የሚቀጥለው ጁላይ ሳይደርስ መሬቱን የሚያዘጋጅ፣ ከሁሉም በፊት ግን አያቶቹን የሚጠይቅ ተማሪ ሥራውን ዛሬውኑ መጀመር ይችላል።